ጡረታ እንዴት ይሰላል፣ ለትዳር ጓደኛና ለልጅ ምን ይደርሳል፣ ሠራተኛው ቢጎዳስ?

መንግሥት ቤት ብትሠሩም የግል ድርጅት ብትሠሩም በየወሩ ከደሞዛችሁ 7 ፐርሰንት ይቆረጣል፣ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 ፐርሰንት ይጨምርበታል (ለወታደርና ለፖሊስ የአሠሪው 25 ነው)። ይሄን ሁሉም ፔይሮል ላይ ያየዋል፣ ግን መጨረሻ ላይ ስንት እንደሚደርሰው፣ እሱ ቢሞት ሚስቱ ምን እንደምታገኝ፣ ሥራ ላይ ቢጎዳ ምን እንደሚከፈለው ሚያውቅ ትንሽ ሰው ነው፣ አብዛኛው ሚሰማው ፋይሉን ማስተካከል ካለፈበት በኋላ ነው። ስለዚ ሥራ ላይ ላላችሁም፣ ልትወጡ ለደረሳችሁም፣ ለእናት አባታችሁ ለምትሯሯጡም ትሁን ብዬ ነው ምጽፈው።

ሕጉ ሁለት ነው። ለመንግሥት ሠራተኛ አዋጅ 1267/2014፣ ለግል ድርጅት ሠራተኛ ደግሞ 1268/2014። መሥሪያ ቤታቸውም ለየብቻ ነው፣ የመንግሥት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና እና የግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና ይባላሉ፣ የማይመለከታችሁ ጋ ሄዳችሁ ሙሉ ቀን እንዳትሰለፉ። አሰላሉ ግን ከወታደርና ከፖሊስ በስተቀር ተመሳሳይ ነው።

መውጫው 60 ዓመት ነው፣ የወር ጡረታ ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል፣ ከዛ በታች ከሆነ ዳረጎት ነው ሚሰጠው፣ አንዴ ተከፍሎ ያልቃል። 10 ዓመት የሞላው የመጨረሻ ሦስት ዓመት ደሞዙ አማካይ ይወሰድና 30 ፐርሰንቱ መነሻ ይሆናል፣ ከ10 በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 ፐርሰንት ይጨመራል፣ ጣሪያው 70 ፐርሰንት ነው። ለምሳሌ አማካይ ደሞዙ 12,000 የሆነና 30 ዓመት የሠራ ሰው፣ 30 ላይ የ20ው ዓመት 25 ሲደመር 55 ፐርሰንት ይሆናል፣ በወር 6,600 ብር ማለት ነው። ወረቀት አውጡና የራሳችሁን አስሉት፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ሰው ሚጎዳበት ቦታ እዚ ጋ ነው። ደሞዝ ሲባል መሠረታዊ ደሞዙ ነው፣ የትራንስፖርት፣ የቤት፣ የኃላፊነት አበል ምናምን አይቆጠርም። አንዳንድ የግል ድርጅት 20,000 እከፍላለሁ ይልና ውሉ ላይ 6,000 ደሞዝ 14,000 አበል ብሎ ይጽፋል፣ ሠራተኛውም ታክስ ቀነሰልኝ ብሎ ደስ ይለዋል፣ ጡረታው ግን ሚሰላው በ6,000ው ነው!! እባካችሁ ስትቀጠሩ እጅ ላይ ስንት ይደርሰኛል ብቻ ሳይሆን ደሞዝ ተብሎ የተጻፈው ስንት ነው ብላችሁ ጠይቁ።

የትውልድ ዘመንም እንደዛው ነው። መጀመሪያ ስትቀጠሩ ያስሞላችሁት እድሜ ነው ሚያዘው፣ በኋላ የልደት ካርድ አውጥቶ ላስተካክል ቢሉ አይሆንም። የግል ድርጅት ጡረታ ደግሞ የተጀመረው በ2003 ነው፣ ስለዚ መርካቶ ሱቅ ውስጥ ከ1990 ጀምሮ የሠራ ሰው 25 ምናምን ዓመት አገልግሎት አለኝ ብሎ እንዳይቀመጥ፣ ከ2003 በፊት ያለው በፕሮቪደንት ፈንድ (ጡረታ ሳይኖር ሠራተኛውና አሠሪው ሚያጠራቅሙት የቁጠባ ገንዘብ) ተይዞ ወደ ጡረታ ፈንዱ ካልገባ አይታሰብለትም። መንግሥት ቤት ሠርታችሁ ወደ ግል የሄዳችሁ ግን አትስጉ፣ የሁለቱም አገልግሎት ይደመራል፣ ማስረጃውን መያዝ ነው። ከየመሥሪያ ቤቱ ስትወጡ የሥራ ልምድ፣ መልቀቂያ፣ ጡረታ የተቆረጠበትን ማስረጃ ተቀበሉና ፎቶኮፒውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ፣ ድርጅት ይዘጋል፣ ባለቤቱ ይቀየራል፣ ያኔ ማንን ትጠይቃላችሁ።

ወደ ቤተሰብ ስንመጣ፣ ጡረተኛው በሕይወት እያለ ለሚስት ወይ ለባል ተብሎ ለብቻው ሚከፈል ነገር የለም። ሲሞት ነው የተተኪ ጡረታ ሚመጣው። ለትዳር ጓደኛ የሟች ጡረታ 50 ፐርሰንት፣ 18 ዓመት ላልሞላው ለእያንዳንዱ ልጅ 20 ፐርሰንት፣ በሟች ይረዱ ለነበሩ እናትና አባት ደግሞ 15 15 ፐርሰንት ነው፣ ጠቅላላው ግን ከሟች ጡረታ አይበልጥም። ከላይ ባየነው 6,600 ከሆነ ለሚስት 3,300፣ ለአንድ ልጅ 1,320 ነው። ጡረታ ሳይወጣ ሥራ ላይ እያለ የሞተም 10 ዓመት ከሞላው እንደዚሁ ይሰላል፣ ካልሞላው ለቤተሰቡ ዳረጎት አለ።

ችግሩ ማስረጃ ነው። 30 ዓመት አብረው ኖረው ልጆች አድርሰው የጋብቻ ሰርተፊኬት የሌላቸው ስንት እናቶች አሉ፣ ያ ሁሉ ሐዘን ላይ ሆነው ሚስትነታቸውን ፍርድ ቤት በምስክር ማስመስከር ይጠበቅባቸዋል። ሁለታችሁም በሕይወት እያላችሁ ወረዳ ሄዳችሁ ጋብቻችሁን አስመዝግቡ፣ የልጆቹን የልደት ሰርተፊኬት አውጡ፣ መሥሪያ ቤት ያለው የሕይወት ታሪክ ፎርም ላይ ስማቸው መግባቱን ኤችአር ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ። ስም ላይ አንድ ፊደል ስትለይ ራሱ ታመላልሳለች፣ የጋብቻው፣ የመታወቂያው፣ የፋይዳውና የባንክ ደብተሩ ስም አንድ ይሁን። በተለይ ከፒያሳና ከካሳንቺስ በልማት ተነስታችሁ ሌላ ክፍለ ከተማ የገባችሁ፣ መሸኛውንና አዲሱን መታወቂያ ቶሎ ጨርሱ።

አካል ጉዳትን በተመለከተ ሁለት ነገር አይምታታባችሁ። አንዱ ሠራተኛው በሕመም መሥራት ሲያቅተውና በሐኪሞች ቦርድ ሲረጋገጥ ነው፣ ይሄ 10 ዓመት አገልግሎት ይጠይቃል፣ አሰላሉም እንደ ተራው ጡረታ ነው፣ 60 እስኪሞላ ግን አይጠበቅም። ሁለተኛው በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፣ ይሄ የአገልግሎት ዘመን አይጠይቅም፣ ጉዳቱ 10 ፐርሰንትና ከዛ በላይ ሆኖ ከሥራ ካስወጣው ከጉዳቱ በፊት ሲያገኝ የነበረው የወር ደሞዙ 47 ፐርሰንት ነው፣ በአገልግሎቱ ሲሰላ ሚበልጥ ከሆነ ትልቁን ይወስዳል። ተጎድቶም ሥራውን ከቀጠለ አንዴ ሚከፈል የጉዳት ዳረጎት አለው። በመሥሪያ ቤቱ ሰርቪስ ሲሄድ ወይ ሲመለስ የደረሰ አደጋም የሥራ ላይ ጉዳት ነው። የዛኑ ቀን ለአለቃ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ሆስፒታል ስትገቡም ሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት መሆኑ ካርዱ ላይ ይጻፍ።

ጥያቄ ለማቅረብ ይርጋ አለው፣ ማለትም ካለፈ መብቱን ሚያሳጣ የጊዜ ገደብ፣ ሐዘኑ ይውጣ እያላችሁ ዓመታት አታሳልፉ። ውሳኔው ልክ አይደለም ካላችሁ በቃል ተከራክራችሁ አትመለሱ፣ በጽሑፍ ተቀበሉት፣ የማህበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ ሚባል አለ፣ ይግባኙ እዛ ነው ሚገባው፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ቀን ወዲያው አይታችሁ ጀምሩ።