እዚህ ጋ ኤስ አትጨምሩ፦ የሰብጀንክቲቭ ችግርና መፍትሄ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ጎበዞቹ ሳይቀሩ የሚሰናከሉበት ቦታ ሰብጀንክቲቭ ነው፤ ማለትም የሆነውን ሳይሆን ይሁን የምንለውን ወይም በእውን የሌለውን ነገር የምንገልጽበት የግስ ቅርጽ።

ምልክት፦ ተማሪው «አይ ሰጀስት ዛት ሂ ቴክስ ዘ ባስ ቱ ቃሊቲ» ብሎ ይጽፋል። አንዷ ተማሪዬ መጀመሪያ «ቴክ» ብላ በትክክል ጽፋ ነበር። ከዚያ ኤስ ጨመረች። በላጲስ አጠፋችው። መልሳ ጨመረችው። ወረቀቱ ሊቀደድ ምንም አልቀረውም።

መንስኤ፦ «ሂ፣ ሺ፣ ኢት ካለ ኤስ ጨምሩ» የሚለው ሕግ ከልጅነታችን ጀምሮ አብሮን አድጓል። ሕጉ ልክ ነው፤ የሚሠራው ግን ስለሆነ ወይም ስለሚሆን ነገር ስናወራ ነው። እዚህ ልጁ አውቶቡስ ይያዝ እያልን ነው። ይይዛል አላልንም።

መፍትሄ፦ ከ«ዛት» በፊት ያለውን ግስ እዩ። ሰጀስት፣ ሪኮመንድ፣ ዲማንድ፣ ኢንሲስት፣ ሪክዌስት ከሆነ ቀጣዩ ግስ ባዶውን ይቀመጣል። ዋናው ግስ ኃላፊ ጊዜ ቢሆንም አይለወጥም፦ «ሺ ዲማንድድ ዛት ሂ ሊቭ»። «ኢት ኢዝ ኢምፖርታንት ዛት ሺ ቢ ሂር» የሚለውም እንደዚሁ ነው። አሉታ ሲሆን «ዳዝ» አያስፈልግም፤ «ዛት ሂ ኖት ጎ» ይበቃል። እንግሊዞች ብዙ ጊዜ «ሹድ» ጣል ያደርጋሉ፤ እሱም ትክክል ነው።

አደራ፣ ግሱን ብቻ አይታችሁ እንዳትወስኑ! «ሀር ፌስ ሰጀስትስ ዛት ሺ ኢዝ ታየርድ» ላይ «ኢዝ» አይነካም። ፊቷ መድከሟን ያሳያል ማለት ነው እንጂ ትድከም ያለ የለም። «ሂ ኢንሲስትስ ዛት ሂ ፔይድ» የሚልም ሰው ከፍያለሁ ብሎ ድርቅ አለ እንጂ ክፈሉ አላለም። ስለዚህ ዐረፍተ ነገሩን በአማርኛ በሉት። «ይሁን» የሚል ስሜት ከሰጠ ኤሱን ጣሉት፤ «ነው» ካለ ተዉት። ከማንኛውም የግስ ዝርዝር ይልቅ ይሄ መፈተኛ ያዋጣል ባይ ነኝ።

ሌላ ምልክት፦ «ኢፍ አይ ዋዝ ሪች»። በወሬ መሃል እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው የሆኑትም ይሉታል። ፈተና ላይ ግን «ኢፍ አይ ዌር ሪች» በሉ፤ «አይ ዊሽ» ካለም እንደዚያው። ነገሩ በእውን የለማ፤ ሀብታም ብሆን ኖሮ ነው የምንለው። ግን ሁሉንም «ዌር» አታድርጉት። «ኢፍ ሂ ዋዝ አት ሆም የስተርዴይ፣ ሂ ሳው ዘ ጌም» ላይ ልጁ ቤት ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ገና አላወቅንም። «ዋዝ» ባለበት ይቆይ።