ሬቤካን ድጋሚ ስታነቡ አይናችሁን ማክሲም ላይ አድርጉ

መጀመሪያ ይሄን ልበል፣ መጽሐፉን አንዴም ያላነበባችሁ እዚህ ጋር አቁሙና ሄዳችሁ አንብቡት፣ ምክንያቱም ከዚህ በታች ሚስጥሩን በሙሉ ነው የማወራው።

የእንግሊዛዊቷ ደራሲ የዳፍኒ ዱ ሞሪዬ ልቦለድ ሬቤካ እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣ ነው፣ እና መጨረሻውን የማያውቅ ሰው ብቻ የሚደሰትበት መጽሐፍ አይደለም፣ እንዲያውም እኔ ሁለተኛው ንባብ ይበልጣል ባይ ነኝ። መጀመሪያ ስናነብ ስሟ የማይነገረው ወጣት ሚስት ጭንቅላት ውስጥ ነን፣ እሷ ስትፈራ እንፈራለን፣ ባሏ ማክሲም የሞተችውን የመጀመሪያ ሚስቱን ሬቤካን ሊረሳት አልቻለም ብላ ስታስብ እኛም እናምናለን። አሁን ግን ሬቤካን የገደላት እሱ እንደሆነ ታውቃላችሁ፣ ስለዚህ ተራኪዋን ትታችሁ እሱን ተከታተሉ።

እንዴት ካላችሁ፣ ማክሲም ዝም ባለበት ወይ በድንገት በተቆጣበት ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት አድርጉና እዛች ደቂቃ ላይ ይሄ ሰው ምን እያወቀ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ለምሳሌ ገና ሳይጋቡ ሞንቴ ካርሎ እያሉ ተራኪዋን በመኪና ከፍ ያለ ገደል አፋፍ ላይ ይወስዳትና እሷ አጠገቡ እንዳለች እንኳን ረስቶ በሀሳብ ይነጉዳል፣ መጀመሪያ ስታነቡት ያዘነ ሰው ነው ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ምዕራፍ 20 ላይ ሲናዘዝ ግን ሬቤካ በተጋቡ በአምስተኛው ቀን ማንነቷን የነገረችው እዛው ቦታ ላይ እንደነበር ይናገራል። ሁለቱን ትዕይንቶች አንዱን ካነበባችሁ በኋላ ወዲያው ሌላውን አንብቡ፣ ደራሲዋ ምን ያህል ቀደም ብላ እንደዘራችው ታያላችሁ።

ባህሩ ዳርቻ ላይ ያለችው ትንሽ ቤትም እንደዛው ናት፣ አዲሷ ሚስቱ እዛ በመግባቷ ለምን እንደዛ እንደሚቆጣ አሁን ገብቷችኋል። እዛ አካባቢ የሚዞረው ቤን የሚባለው ሰውዬ የሚቀባዥረውንም ዝም ብላችሁ አትለፉት፣ ያየውን ነው የሚያወራው። የማክሲም ንብረት አስተዳዳሪ ፍራንክ ደግሞ ለአንድ ባል ከውበትና ከብልጠት ይልቅ ደግነትና ቅንነት ይሻላል ብሎ ሲመክራት እሷ ከንፈር መጠጣ ነው የሚመስላት፣ እሱ ግን ስለ ሬቤካ ሊነግራት የማይችለውን በዛች በኩል እየነገራት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሬቤካ ራሷ መጽሐፉ ውስጥ አንድም ጊዜ በህይወት አትታይም፣ የምናውቃት ሰው ባወራላት ብቻ ነው፣ ስለዚህ ማስታወሻ ያዙና ማን ምን እንዳለ ጻፉ። የቤቱ ሠራተኞች አለቃ ሚስስ ዳንቨርስ ታመልካታለች፣ የማክሲም አያት ሬቤካዬ የታለች ብላ ትጠይቃለች፣ ክፉ ነበረች የሚለው በዋናነት ማክሲም ነው፣ እሱ ደግሞ ገዳይዋ ነው! ሌሎቹ የሚሉት አንዳንድ ነገር ይደግፈዋል፣ ግን ሬቤካ የሞተች ሌሊት እዛች የባህር ዳርቻ ቤት ውስጥ የሆነውን ከሱ አፍ ብቻ ነው የሰማነው። እኔ ውሸታም ነው አልልም፣ ግን መጀመሪያ ላይ ሳንጠይቅ እንዳመንነው ማየት ያስፈራል። እና ከዛ የባሰው ተራኪዋ ናት፣ ባሏ ሰው ገደልኩ ሲላት ሬቤካን ወዷት አያውቅም ማለት ነው ብላ ልቧ ቅቤ ይጠጣል፣ እኛም አብረናት ደስ ይለናል፣ እዛ ጋር መጽሐፉን አጥፋችሁ ትንሽ ቁጭ በሉ።

ስለ ፍጥነት፣ የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ቀስ በሉ፣ ከጭፈራው ምሽት እስከ ኑዛዜው ያለውን (ከ16 እስከ 20) ግን ከተቻለ በአንድ ቁጭታ ጨርሱት፣ ሲቆራረጥ ጭንቀቱ ይላላል። ምዕራፍ 27ን እንደጨረሳችሁ ደግሞ ምዕራፍ 1 እና 2ን እንደገና አንብቡ፣ በጊዜ ቅደም ተከተል ካየነው የታሪኩ መጨረሻ እነሱ ናቸው፣ ባልና ሚስቱ ባዕድ አገር ሆቴል ውስጥ ምን አይነት ኑሮ እንደሚኖሩ እዛ ነው ያለው።

ዳይሬክተሩ ሂችኮክ ከዚህ መጽሐፍ የሰራውን የ1940 ፊልም ከዚህ ሁሉ በኋላ እዩት እንጂ ከመሀል እንዳታስገቡት። በጊዜው የነበረው የሆሊውድ ህግ ሚስቱን የገደለ ባል ሳይቀጣ እንዲያመልጥ ስለማይፈቅድ ፊልሙ ላይ ሬቤካ በአደጋ ነው የምትሞተው፣ እሱን አይታችሁ ወደ መጽሐፉ ከተመለሳችሁ ሳታውቁት ለማክሲም ታዝኑለታላችሁ።