የተነቀለ የሎደር ሆዝ አልገባ ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

ሎደር (ትራክተር ፊት ላይ የሚገጠም ባኬት ያለው ክንድ) ዘይት የሚያገኘው በሆዝ ነው፤ ሆዙን ከትራክተሩ የሚያያይዘው ካፕሊንግ ጠዋት ሰተት ብሎ ይገባ የነበረ፣ ቀን 8 ሰዓት ላይ እምቢ ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የተበላሸ ነገር የለም፤ ሆዙ ውስጥ ግፊት ታፍኗል። የተነቀለ ሎደር አዳማ ፀሐይ ላይ ሲውል ጥቁሩ ሆዝ ይግላል። ዘይት ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ወደ 0.7 በመቶ ይሰፋል፤ ሆዙ ላይ ያለው የወንዱ ካፕሊንግ ጫፍ ላይ ያለችው ቫልቭ ስለዘጋችበት ግን መውጫ የለውም። ቫልቯን ከውስጥ ወጥሮ ይይዛታል፣ በእጅ ግፊት አትመለስም።

ሞተር አጥፍታችሁ የሎደሩን ሌቨር በአራቱም አቅጣጫ ሦስት አራት ጊዜ አንቀሳቅሱ። ይህ የሚያስተነፍሰው የትራክተሩን ወገን ብቻ ነው፤ የተነቀለውን ሆዝ አይነካም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ መዶሻ ያነሳል።

መዶሻ አታንሱ! በካቻቢቴ የተመታች ቫልቭ ጫፏ ላይ የምስር ክክ የምታህል ጠባሳ ይቀርባታል፤ መቀመጫዋ ይበላሻል፣ ከዚያ ወዲያ ማንጠባጠብ ነው። ርካሹ ካፕሊንግ ደግሞ ብረቱ ለስላሳ ነው፣ አንድ ምት አይችልም። ከሁሉ የሚብሰው ተፈትልኮ የሚወጣው ዘይት ነው፤ ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀዳዳው የመርፌ ያህል ነው፣ መጀመሪያ ላይ ብዙም ላያም ይችላል፤ ነገር ግን ጣት እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። የደረሰበት ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ሄዶ «ዘይት በግፊት ቆዳዬ ውስጥ ገብቷል» ብሎ ይናገር። መፍሰሱንም በእጅ ዳብሳችሁ አትፈልጉ፣ ካርቶን አስጠጉበት።

ጊዜ ካላችሁ ሆዙን በረጠበ ጆንያ ሸፍናችሁ አቀዝቅዙት፤ ግፊቱ ከፀሐይ ብቻ ከሆነ ይበቃዋል። ካልሆነ ባኬቱ መሬት ላይ መተኛቱን፣ ክንዱም በማቆሚያው ላይ መደገፉን አረጋግጡ። በዘይት ብቻ የተያዘ ክንድ ሆዙ ሲላላ ሰው ላይ ይወርዳል። መነጽርና ጓንት አድርጉ። ሆዙ ከካፕሊንጉ ጋር የሚታሰርበትን ፊሌቶ (ጥርስ) በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሉ፣ በአንድ ቁልፍ ካፕሊንጉን ያዙ፣ በሌላው ዳዶውን ቀስ ብላችሁ ሩብ ዙር አላሉ፤ ፊታችሁ ዘይቱ ከሚፈናጠርበት መስመር ይራቅ። ጥቂት ዘይት ጨርቁን አርሶ ሲያቆም መልሳችሁ አጥብቁ። አሁን ይገባል። ከገባ በኋላ ክንዱን ሁለት ሦስት ጊዜ ሙሉ ከፍና ዝቅ አድርጉ፣ የገባ አየር ካለ ይወጣል።

ግፊቱ ወጥቶም ካልገባ ትራክተሩ ላይ ያለውን የሴቴውን ካፕሊንግ ውስጥ እዩ፤ አሸዋ ይሆናል፣ ወይም ልኩ የማይገጥም ካፕሊንግ።

በሚቀጥለው ጊዜ ከመንቀል በፊት ባኬቱን አስተኙ፣ ሞተር አጥፉ፣ ሌቨሩን በአራቱም አቅጣጫ አወዛውዙ፣ ከዚያ ንቀሉ። ክዳኖቹን አልብሳችሁ ሆዞቹን ጥላ ውስጥ ስቀሉ፤ የዋሉት ፀሐይ ላይ ከሆነ መልሳችሁ በጠዋት ግጠሙ።