ብቻዬን ቦክስ ስሠራ የሚጠፋብኝን ወኔ የመለሰልኝ ዘዴ

የልምምድ ጓደኛዬ ከጎንደር ከሄደ በኋላ የገጠመኝ ይህ ነው። የቦክስ መለማመጃ ጆንያውን በጋለ ስሜት መምታት እጀምራለሁ። ሁለተኛው ዙር ላይ እጄ ይዝላል። ስልኬን አነሳለሁ፤ በቃ፣ ልምምዱ አለቀ። የአቅም ጉዳይ አልነበረም፤ የጎሃን ዳገት ሮጬ እወጣለሁ።

መጀመሪያ ሙዚቃ ሞከርኩ። ደስ ይላል፤ ግን ቡጢዬ የዘፈኑን ምት መከተል ጀመረ። የማበረታቻ ቪዲዮዎች ደግሞ እጄን በፋሻ ጠቅልዬ ሳልጨርስ ይበርዳሉ። ከንጋቱ 11 ሰዓት መነሳትም አልፈታውም፤ በዚያ ብርድ የሚጠብቅህ ሰው ከሌለ ብርድ ልብሱ ያሸንፋል።

የሠራልኝ ይሄ ነው። አሮጌ ስልክ ላይ የዙር ሰዓት ጫንኩ፦ 3 ደቂቃ ሥራ፣ 1 ደቂቃ እረፍት፣ ልክ እንደ አማተር ውድድር 3 ዙር። ለእያንዳንዱ ዙር አንድ ሥራ ብቻ። አንደኛው ጃብ (በፊተኛው እጅ ቀጥ ብሎ የሚሰነዘር ቡጢ)፣ ሁለተኛው መከላከል፣ ሦስተኛው ነፃ። ሦስተኛውን በሌላው ስልክ እቀርፃለሁ፤ ግድግዳ ላይ ማስደገፍ ይበቃል።

ዋናው ነገር ቪዲዮው ነው። ማታ ሳየው፣ ጃብ በሰነዘርኩ ቁጥር ቀኝ እጄ ከአገጬ ወርዶ ደረቴ ላይ ይቀመጣል። አሰልጣኝ ቢኖር ወዲያው ይጮህብኝ ነበር። ስለዚህ የማግስቱ አንደኛ ዙር ሥራ ቀኝ እጅን አገጭ ላይ ማቆየት ሆነ። እንዲህ ሲሆን ነገ የማስተካክለው ነገር ስላለኝ ጆንያው ራሱ ይጠራኛል። ዘንድሮ ካገኘሁት ሁሉ ይሄን እወደዋለሁ።

ስትቀርፁ ስልኩን ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት፤ ጥሪ ከገባ ቀረፃው ሊቋረጥ ይችላል።