ሪዮሃን በሞተርሆም፦ የስፔንን የወይን አገር ጥንታዊ መንደሮች እንዴት መጎብኘት ይቻላል?

ሪዮሃ በሰሜን ስፔን የኤብሮን ወንዝ ተከትሎ የተዘረጋ የወይን አገር ነው። ብዙዎቹ መንደሮች ኮረብታ ላይ ስለተቀመጡ ከአንዱ ሆነው የሌላውን የቤተ ክርስቲያን ማማ ያያሉ። አልጋውንና ማድቤቱን ይዞ የሚጓዘው ሞተርሆም ለዚህ አገር ይመቻል፤ በየቀኑ ሻንጣ ማሰር መፍታት የለም። ነገር ግን መንደሮቹ የተሠሩት ለእግረኛና ለበቅሎ ነው። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ የስልኬን ካርታ አምኜ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ገባሁና ወደ ኋላ ለመውጣት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ማደሪያዬ ነው፤ መንደር የምገባው በእግሬ ነው።

1. ወቅቱን ይምረጡ። የወይኑ ለቀማ በአብዛኛው ከመስከረም መግቢያ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ያን ጊዜ ትራክተሮች ወይን ጭነው በየመንገዱ ይርመሰመሳሉ፣ በጥቅምት ደግሞ ቅጠሉ ይቀላል። የሐምሌና የነሐሴ ሙቀት መኪና ውስጥ ለሚያድር እንቅልፍ ይነሳል።

2. መኪናውን ይከራዩ። በአቅራቢያው ካሉት ትልልቅ ከተሞች አንዱ ቢልባኦ ነው፤ ከዚያ መንገዱ እስከሚጀመርባት የሪዮሃ ከተማ እስከ ሃሮ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክብደቱ እስከ 3,500 ኪሎ ግራም የሆነ ሞተርሆም በተራ የመኪና መንጃ ፈቃድ ይነዳል። የኢትዮጵያ መንጃ ፈቃድ የያዘ ሰው ዓለም አቀፉንም ፈቃድ አስቀድሞ ያውጣ። ሲረከቡ የቆሻሻ ውሃውና የሽንት ቤቱ ሳጥን እንዴት እንደሚደፋ፣ ጋዙም እንዴት እንደሚዘጋ በተግባር እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። የመኪናውን ከፍታና ስፋት ጽፈው መሪው አጠገብ ይለጥፉ። ሁለት ሰው ብቻ ከሆናችሁ አጭሩን ይምረጡ።

3. የማደር ደንቡን ይወቁ። በስፔን መኪና ማቆምና ድንኳን ጥሎ መስፈር ለየብቻ ናቸው። በተፈቀደ ቦታ፣ በተሰመረው መስመር ውስጥ አቁመው ውስጡ መተኛት ይችላሉ። ጠረጴዛና ወንበር ውጭ ካወጡ፣ የጎን ጥላውን ከዘረጉ ወይም ውሃ ከደፉ ግን ሰፍረዋል ማለት ነው፤ ያስቀጣል። ለሞተርሆም የተዘጋጁ ማደሪያዎችና ካምፒንጎች ስላሉ በእነሱ ይጠቀሙ። የሃሮው ካምፒንግ በቲሮን ወንዝ ዳር ነው፤ ከተማው በእግር ይደረሳል።

4. የወይን ቤቶቹን፣ ማለትም የወይን ጠጅ መጥመቂያዎቹን፣ ቀጠሮ አስቀድመው ይያዙ። ዝም ብሎ በር ማንኳኳት ብዙ ጊዜ አያስገባም። ሹፌሩ የሚቀምሰውን ወደ መትፊያው ዕቃ ይትፋ፤ እዚያ ነውር አይደለም። ከዚያም የሚሻል አለ፦ መኪናውን ማደሪያው ትቶ በእግር መሄድ። ጠርሙሱ ላይ «ክሪያንሳ» የሚል ቀይ ወይን ቢያንስ 2 ዓመት የቆየ፣ «ሬሴርቫ» 3 ዓመት፣ «ግራን ሬሴርቫ» ደግሞ 5 ዓመት የቆየ ነው።

5. አሁን መንገዱን ይጀምሩ። ክብ ስለሆነ ከተነሱበት ይመለሳሉ፤ አራት ወይም አምስት ቀን ይስጡት።

ከሃሮ ይነሱ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ የፈረንሳይን ወይን ሲያወድም የቦርዶ ነጋዴዎች ወደዚህ መጡ። ወይኑ በባቡር ይጫን ስለነበር የወይን ቤቶቹ ባቡር ጣቢያው ዙሪያ ተሰበሰቡ፤ በ1877 የተመሠረተው ሎፔስ ዴ ኤሬዲያ ዛሬም እዚያው ነው። ቀጥለው ብሪዮኔስንና ከኤብሮ ማዶ ያለውን ሳን ቪሴንቴ ዴ ላ ሶንሲዬራን ይጎብኙ። ወደ ሳን ቪሴንቴ ምሽግ ሲወጡ የወንዙን ጥምዝና የወይን እርሻውን ከላይ ያያሉ።

ላጉዋርዲያ ላይ አይቸኩሉ። ግንብ የከበባት ይህች መንደር የተቆረቆረችበት ደብዳቤ በ1164 የተጻፈ ነው። በቤቶቹ ሥር ከ200 በላይ የምድር ጓዳዎች ተቆፍረዋል፤ ከላይ መኪና የተከለከለውም መሬቱ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ነው። ከግንቡ ውጭ አቁመው በበሩ ይግቡ፤ አንዱን ጓዳ ወርደው ካላዩ መንደሯን አላዩም። የሳንታ ማሪያ ዴ ሎስ ሬዬስን ቤተ ክርስቲያን በርም ይመልከቱ፤ በቤት ተከልሎ ስለቆየ የድንጋይ ቅርጹ ቀለም አሁንም ደማቅ ነው። በስፔን ከቀትር በኋላ ብዙ በር ስለሚዘጋ ጠዋት ይሂዱ።

በሎግሮኞ ከተማ ላውሬል ጎዳና ከአንዱ መጠጥ ቤት ወደ ሌላው እየዞሩ ትንንሽ ምግብ መቅመስ ልማድ ነው። አሳማ ለማይበላ ሰው ማሳሰቢያ፦ የሪዮሃ ድንች ወጥ ቾሪሶ የተባለ የአሳማ ቋሊማ አለበት፤ የአትክልቱ ወጥም አንዳንዴ የአሳማ ሥጋ ጣል ይደረግበታል። በደረቀ የወይን ቅርንጫፍ ፍም የሚጠበሰውን የበግ ጎድን ይዘዙ።

ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሳን ሚያን ዴ ላ ኮጎያ። ላይኛው ገዳም ሱሶ በ6ኛው ክፍለ ዘመን መናኝ ሚያን በኖረበት ዋሻ ላይ የተሠራ ነው። በራስ መኪና መውጣት ስለማይቻል ከታችኛው ገዳም ከዩሶ ትንሽ አውቶቡስ ያወጣል። እዚህ አንድ መነኩሴ የላቲኑን መጽሐፍ ሲያነብ የከበደውን ቃል በሕዝቡ ቋንቋ በኅዳጉ ጻፈ፤ ከስፓኒሽ ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ ይኸው ነው፣ የባስክኛ ቃላትም አሉበት። የግእዙን ንባብ በአማርኛ አንድምታ ለሚያውቅ ሰው ይህ ቅርብ ነው። እኔ እዚያ ከሁሉም ቦታ በላይ ቆይቻለሁ።

መጨረሻ ሳንቶ ዶሚንጎ ዴ ላ ካልሳዳ ነው። የከተማው አፈ ታሪክ እንዲህ ነው፦ በግፍ የተሰቀለ አንድ ወጣት ተሳላሚ በሕይወት እንዳለ ለዳኛው ቢነግሩት «እሱ በሕይወት ካለ ይህች የተጠበሰች ዶሮም አለች» አለ፤ ዶሮዋም ከገበታው ተነሥታ ጮኸች ይላሉ። ስለዚህም በካቴድራሉ ውስጥ፣ ከፍ ባለ ቤታቸው፣ ነጭ አውራና ሴት ዶሮ በሕይወት ይኖራሉ። ከዚያ ሃሮ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።