በጾም የሚያንቀጠቅጥ ስኳር፦ ምልክቱ፣ መነሻውና መፍትሄው

ምልክት፦ የስኳር ሕመምተኛው ጠዋት ግሊቤንክላማይድ የተባለውን ስኳር የሚያወርድ ክኒን ውጦ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። እኩለ ቀን ሲያልፍ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ልቡ ይደልቃል፣ ንግግሩ ይወላገዳል። ቤተሰቡ «ጾሙ አድክሞት ነው፣ ጋደም ይበል» ይላል። እባካችሁ አታስተኙት! ስኳሩ ወርዶ ነው።

አስቸኳይ መፍትሄ፦ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት። ከ15 ደቂቃ በኋላ የደሙን ስኳር ለኩ፤ ከ70 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ ድገሙ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ በጎኑ አስተኝታችሁ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። ቢነቃና ቢሻለውም ምግብ ይብላ፣ በሐኪምም ይታይ፤ መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ረጅም ሰዓት ስለሚቆይ ስኳሩ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል።

መነሻ፦ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊን የሚያመነጩት የቆሽት ቤታ ህዋሳት በሽፋናቸው ላይ ፖታሲየም የሚያስወጡ የፕሮቲን በሮች አሏቸው። ስኳር ወደ ህዋሱ ሲገባ ግሉኮኪናዝ የተባለው ፕሮቲን መጠኑን እየተከተለ ወደ ማቃጠሉ ሂደት ያስገባዋል፤ ከዚያ የሚገኘው ኤቲፒ የተባለ የኃይል ቅንጣት በሮቹን ይዘጋል። በዓባይ መውጫ ላይ ያለው የጨረጨራ ግድብ በሮች ሲዘጉ ጣና ከፍ እንደሚል ሁሉ፣ መውጫ ያጣው ፖታሲየም የህዋሱን የኤሌክትሪክ ኃይል ይለውጠዋል። ያን ጊዜ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ፤ የሚገባው ካልሲየምም የተከማቸውን ኢንሱሊን ወደ ደም ያስለቅቃል። ስኳር ሲያንስ የፖታሲየም በሮቹ ይከፈታሉ፣ ኢንሱሊኑም ይቀንሳል። ግሊቤንክላማይድ ግን በቀጥታ በሩ ላይ ተጣብቆ ይዘጋዋል፤ ስኳር ይኑር አይኑር አይጠይቅም። ሆዱ ባዶ በሆነ ሰው ላይ ኢንሱሊን የሚፈስሰው ለዚህ ነው።

ዘላቂ መፍትሄ፦ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። የመድኃኒቱ መጠን፣ ሰዓት ወይም ዓይነት ሊቀየር ይችላል፤ ለምሳሌ ሜትፎርሚን የተባለው ሌላ የስኳር ክኒን ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው አልፎ አልፎ ነው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን ከጾም ታሳርፋለችና የንስሐ አባትንም ማማከር ነውር የለውም። ገዳም ለመሳለም ወደ ዘጌ በጀልባ የሚሻገር ሕመምተኛ ስኳር በኪሱ ይያዝ፤ ሐይቁ መካከል ላይ ሱቅ የለም።

ምልክት፦ ለዓመታት የሠራው ክኒን አሁን ስኳሩን አላወርድ አለ።

መነሻና መፍትሄ፦ መድኃኒት መዝለልና የተደበቀ ኢንፌክሽን አስቀድመው ይጣሩ። እነዚህ ከሌሉ ቤታ ህዋሳቱ ተዳክመው ወይም ቁጥራቸው ተመናምኖ ሊሆን ይችላል። የሚለቀቅ ኢንሱሊን በሌለበት በር መዝጋት አይጠቅምም። ሐኪሙ ኢንሱሊን በመርፌ ሲያዝ ታማሚው እንደ ቅጣት አይቁጠረው፤ የጎደለውን መተካት ነው።

ምልክት፦ ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሽንቱ በዝቷል፣ እየጠባ ይከሳል፣ አተነፋፈሱ ፈጥኗል።

መነሻ፦ በዚህ ዕድሜ የሚጀምር የስኳር ሕመም ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጂን (በዘር የሚወረስ የሰውነት መመሪያ) ለውጥ የሚመጣ ነው። ከጂኖቹ አንዱ ኪር 6.2 የተባለውን የፖታሲየም በር ክፍል የሚሠራው ነው፤ ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። የተለወጠውን በር ኤቲፒ ሊዘጋው ስለማይችል ኢንሱሊኑ በህዋሱ ውስጥ ታግቶ ይቀራል።

መፍትሄ፦ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይግባ፤ መጀመሪያ ሕይወቱን የሚያተርፈው ኢንሱሊን ነው። ከዚያ በኋላ የጂን ምርመራ ይጠየቅ። የበሩ ጂን ከተለወጠባቸው ልጆች ብዙዎቹ ከመርፌ ወደ ክኒን መሻገር እንደሚችሉ እ.ኤ.አ. በ2006 ታይቷል፤ ክኒኑም ያው ጾመኛውን ያንቀጠቀጠው ግሊቤንክላማይድ ነው። ሽግግሩ በሐኪም ክትትል ብቻ ይደረግ። ልጁ አሁን ቢያድግም ሕመሙ የጀመረው ከስድስት ወር በፊት ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ምርመራው ዛሬም አይረፍድበትም።