«ስንት ሚሊ ነው?» ብላችሁ ብቻ ሰዓት አትግዙ

ዱባይ ውስጥ የእጅ ሰዓት ስሸጥ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ትልልቅና ውድ ሰዓት ሊገዛ የሚመጣ ሰው፣ አረብ ይሁን ሕንዳዊ፣ ሀበሻ ይሁን ፈረንጅ፣ የመጀመሪያ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ስንት ሚሊ ነው?» 44 ስለው ወይ ፊቱ ይበራል፣ ወይ ይከፋዋል። ሰዓቱን ግን ገና እጁ ላይ አላሰረውም።

ይሄ ነገር በጣም ያናድደኛል። ያ ቁጥር የሚነግራችሁ የሰዓቱን የጎን ስፋት ብቻ ነው። እጃችሁ ላይ በደንብ መቀመጡን የሚወስነው ግን ቁመቱ ነው። ማሰሪያው የሚያያዝባቸው ወጣ ወጣ ያሉ ጆሮዎች አሉ አይደል? ከላይኛው ጆሮ ጫፍ እስከ ታችኛው ጫፍ ያለውን ርቀት ማለቴ ነው። ይሄ ርቀት ከእጃችሁ አንጓ ጠፍጣፋ ክፍል ከበለጠ ጆሮዎቹ ከእጃችሁ ውጭ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ከሥር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይታያል። የትንሽ ልጅ እግር ላይ የአባት ጫማ እንደማየት ነው።

ሴይኮ «ቱና» የሚባል የጠላቂዎች ሰዓት አለው። ቅጽል ስሙ የቱና ቆርቆሮ ስለሚመስል ነው። ስፋቱ እንደ ሞዴሉ ከ47 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ቁጥሩን የሰማ ሁሉ ይሸሸዋል። ነገር ግን ጆሮዎቹ አጫጭርና ከሥር የተደበቁ ስለሆኑ ቀጭን እጅ ላይ ሳይቀር ቁጭ ይላል። በተቃራኒው የስዊሱን ሰዓት ሠሪ የኦዴማርስ ፒጌን ሮያል ኦክ ውሰዱ። ጄራልድ ጄንታ የነደፈው፣ በ1972 የወጣው ማለት ነው። ብረት ሰንሰለቱ ከሰዓቱ ጋር አንድ ሆኖ ስለተሠራ የመጀመሪያዎቹ ቁራጮች ቶሎ አይታጠፉም። እነሱም እንደ ሰዓቱ ቁመት ይቆጠራሉ። 41 ብላችሁ የገዛችሁት እጃችሁ ላይ ሌላ ቁጥር ይሆናል።

ስለዚህ ማስመሪያ ያዙና የአንጓችሁን የላይኛውን ጠፍጣፋ ስፋት ለኩ። ዙሪያውን አይደለም! ዙሪያው የሚጠቅመው ማሰሪያ ለማሳጠር ነው። ሁለት ሰዎች ዙሪያቸው እኩል 17 ሴንቲ ሜትር ሆኖ፣ የአንዱ እጅ ክብ፣ የሌላው ጠፍጣፋ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰዓት ለሁለቱም አይሆንም።

ሁለተኛው ስህተት ውፍረትን መርሳት ነው። ሰብማሪነርና ዲፕሲ የሚባሉትን የሮሌክስ የጠላቂ ሰዓቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ «41 እና 44፣ ሦስት ሚሊ ምን አላት?» የሚል ደንበኛ በየሳምንቱ አለኝ። ሰብማሪነሩ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወፍራል። በ2008 የወጣው ዲፕሲ ግን 17.7 ነው። 3,900 ሜትር ጥልቀት እንዲችል ነው እንደዚያ የተሠራው። እናንተ የምትጠልቁት የሸሚዝ እጅጌ ውስጥ ነው፤ እሱ ደግሞ አያስገባውም። አንድ ሙሽራ ለሰርጉ እንዲህ ያለ ወፍራም ሰዓት ገዝቶ የሸሚዙን ቁልፍ መዝጋት አቅቶት ነበር። ፎቶዎቹ ላይ አንዱ እጅጌው ተከፍቶ ይታያል።

እኔም ከዚህ ጣጣ አላመለጥኩም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት 47 ሚሊ ሜትር ሰዓት ገዛሁ። መስታወት ፊት አምስት ደቂቃ አስሬው አበድኩለት። ማታ ላይ እጄ ዛለ። የሰዓቱ ጭንቅላት ከባድ፣ ማሰሪያው ቀላል ላስቲክ ስለነበር በሄድኩ ቁጥር ወደ ጎን ይዞራል። እንዳይዞር ሳጠብቀው ደግሞ ቆዳዬን ይበላኛል። አራት ወር ታግሼ በኪሳራ ሸጥኩት። ለካ ክብደት ብቻውን ችግር አይደለም፤ ጭንቅላቱና ማሰሪያው አለመመጣጠናቸው ነው። እና አሁን ደንበኛዬን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አስራችሁ ተቀመጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ስልክ አውሩ እላለሁ። አለቃዬ አይወድልኝም።

ደግሞ «ቀለለኝ፣ ስለዚህ ርካሽ ነው» አትበሉ። ታይታኒየም ከብረት በ40 በመቶ ገደማ ይቀላል። ሮሌክስ በ2022 ያወጣው 50 ሚሊ ሜትሩ ዲፕሲ ቻሌንጅ በታይታኒየም የተሠራው ወድዶ አይደለም። ባለ 18 ካራት ወርቅ በአንጻሩ ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ይከብዳል።

ስልክ አስጠግታችሁ ባነሳችሁት ፎቶ አትፍረዱ፤ ሰዓቱን ያገዝፈዋል። ሙሉ ቁመት በሚያሳይ መስታወት እዩት። ነጭ ገጽና ቀጭን ጠርዝ ያለው ከጥቁሩ ሰፍቶ እንደሚታይም አስቡ።

«የድሮ አብራሪዎች 55 ሚሊ ያስሩ ነበር» የሚሉኝም አሉ። እውነት ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጀርመን አየር ኃይል ያሰራው እንደዚያ ነበር። ግን የሚያስሩት ከጃኬት በላይ ነው! የዚያ ሰዓት ልጅ የሆነው፣ አይ ደብልዩ ሲ የተባለው የስዊስ ኩባንያ ቢግ ፓይለት በ2002 የወጣው 46.2 ሆኖ ነው። በ2021 ደግሞ ራሳቸው ባለ 43 ሚሊ ሜትሩንም አወጡ።

ማሰሪያ ስታሳጥሩ የአየሩን ነገር አትርሱ። ሞሉ ውስጥ ኤሲው እየነፈሰ ልክ የሆነ ሰንሰለት፣ ውጭ በሐምሌ ሙቀት እጅ ሲያብጥ ያንቃል። ባለፈው አንዱን «ትንሽ ላላ ይበል» ብለን አስተካከልንለት። አዲስ አበባ በክረምት ገብቶ ደወለልኝ፤ «ሰዓቱ እጄ ላይ ይሽከረከራል» አለኝ። ያለ ምንም መሣሪያ መቆለፊያው ላይ ማስረዘምና ማሳጠር የሚያስችል ምረጡ። የሰብማሪነሩ በ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት እስከ 20 ድረስ ይሄዳል።

በመጨረሻ መሙያውን ፈትሹ፤ ጎኑ ላይ ያለችውን የምትዞር ነገር። ትልቅ ሰዓት ላይ ትልቅ ነች፤ የእጅን ጀርባ ትወጋለች። ሁለት እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ ተደግፋችሁ ከወንበር ተነሡ፤ ወዲያው ታውቁታላችሁ። ባለፈው ወር አንድ ጋሼ ለልጃቸው ምርቃት ሊገዙ መጡ። ልጁ 46ቱን ካልሆነ አለ። እሳቸው «እስቲ አምጣው» ብለው እጃቸው ላይ አሰሩና ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። «ወይ ጉድ፣ ይሄ ይናከሳል!» አሉና አውልቀው ሰጡኝ። ልጁም ሞከረው። 40ውን ይዘው ወጡ።